እኔ ላይ ብቻ የደረሰ መስሎኝ

ሰውየው የመጣው እንዲጻፍለት አልነበረም። ገና በሩ ላይ ቆሞ ነው ይህን የነገረኝ። «ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ አልፈልግም። ለሆነ ሰው ልተንፍሰው ብዬ ነው» አለ። ያኔ በአንዲት ትንሽ ከተማ በምትታተም ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ እሠራ ነበር። ዝግጅት ክፍላችን አንድ ክፍል ነው። ማስታወቂያ የሚያወጣውም፣ አቤቱታ ያለውም፣ ጋዜጣ የሚገዛውም በአንድ በር ይገባል። ተራውን የሚጠብቅ ሰው ግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ጉዳዩ ሲናገረው ቀላል ይመስላል። ከከተማው መውጫ ላይ ፖሊስ አስቆመውና ሞተሩን ወሰደበት። ጥፋቱን ሲጠይቅ «ጣቢያ ስትመጣ ይነገርሃል» ተባለ። ጣቢያ ሲሄድ የተነገረው ጥፋቱ ሳይሆን የሚከፍለው ገንዘብ ነው። ከፈለ። ደረሰኝ ሲጠይቅ ተረኛው ሳጅን ከመዝገቡ ላይ ቀና አለና «ሞተሩን ነው የምትፈልገው ወይስ ወረቀቱን?» አለው።

«ምን ላድርግ? ሞተሬን ይዤ ወጣሁ» አለኝና ሳቀ። የንዴት ሳቅ ነው። እንዳይጻፍ ስላለኝ እስክሪብቶዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ነበር የምሰማው።

አግዳሚው ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። የጠፋ መታወቂያ ማስታወቂያ ልታወጣ ነው የመጣችው። ዕቃ ከከተማ ወደ ከተማ እያመላለሰች የምትነግድ፣ ጎልማሳ ሴት ናት። እስከዚያ ድረስ ቃል አልተነፈሰችም። ሰውየው ሲስቅ ግን ወደ እሱ ዞረችና «ይቅርታ ወንድሜ፣ ሳጅኑ ሰዓቱን በቀኝ እጁ ነው የሚያስረው?» አለችው።

የሰውየው ሳቅ ቆመ። «እንዴት አወቅሽ?» አላት።

መልስ አልሰጠችውም። ከቦርሳዋ አንድ ደብተር አወጣች። ጠርዙ የተጣጠፈ፣ ሽፋኑ የላላ የተማሪ ደብተር ነው። በፊት ለፊቱ የዱቤ ሒሳቧን ጽፋበታለች። ከጀርባው ስትገልጠው ግን ሌላ ነገር ነበር። በየመስመሩ ቀን፣ ሰዓት፣ የቆመችበት ቦታ፣ የወሰዱባት ገንዘብ ወይም ዕቃ፣ የሰጧት ምክንያት። የፖሊሱን ስም ካወቀች ስሙን ጽፋለች፤ ካላወቀች ደረቱ ላይ ያለውን ቁጥር። ቁጥሩን ማየት ካልቻለች ደግሞ አንድ ምልክት። «ሰዓት በቀኝ እጅ» የሚለው እዚያ ላይ ደጋግሞ ተጽፏል። አንዳንዱ መስመር በሰማያዊ፣ አንዳንዱ በጥቁር፣ አንዱ ደግሞ በእርሳስ ነው። እርሳሱን ያየሁት ጊዜ እዚያው መንገድ ዳር ቆማ፣ ያገኘችውን ይዛ ስትጽፍ ታየችኝ።

«ለማን እንደማሳየው አላውቅም ነበር» አለች። «ካልጻፍኩት ግን የማብድ ይመስለኝ ነበር።»

ሰውየው አጠገቧ ተቀመጠና በጣቱ እየተከተለ ማንበብ ጀመረ። ጣቱ አንድ መስመር ላይ ቆመ። ቀኑ የእሱ ሞተር የተወሰደበት ቀን ነው። ቦታው ያው ነው። በመካከላቸው አንድ ሰዓት እንኳ የለም። ደብተሩን ለረጅም ጊዜ ካየ በኋላ «እኔ ላይ ብቻ የደረሰ መስሎኝ ነበር» አለ። ለእሷም ለእኔም የተናገረው አልመሰለኝም።

ይህ ንግግር ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም። ያንን ሥራ ትቼ ሌላ ሥራ ከያዝኩ በኋላም ስለ ትናንሽ ከተሞች ፖሊስና ስለ አካባቢ ጋዜጠኞች ባነበብኩ ቁጥር ይመጣብኛል።

## መጀመሪያ የሚወሰደው

ከዚያ በፊት ሙስና ሲባል ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ገንዘብ ነበር። ያን ቀን ግን ከገንዘቡ በፊት ሌላ ነገር እንደሚወሰድ አየሁ። ሰውየው ሞተሩ ከተወሰደበት ቀን አንስቶ ለራሱ ምክንያት ሲፈልግለት ነው የከረመው። ምናልባት መብራቱ አልሠራ ብሎ ይሆናል። ምናልባት አነጋገሩ ደፈር ያለ ነበር። ምናልባት ሳጅኑ ያን ቀን ከሰው ተጣልቶ ነው የመጣው። የበደለውን ሰው ጥፋት እየቆራረሰ ራሱ ላይ ጫነው። በደሉ የእሱ የግል ችግር ሆነ። የግል ችግር ደግሞ አቤት አይባልበትም። ሰው ይስቅበትና ያልፈዋል።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች። ምክሩ ሰውን ከብዙ መከራ አድኖት ይሆናል። እኔ ግን ዝም ያሉ ሰዎችን ከውስጥ ሲበላቸው አይቻለሁ። እሷም «የማብድ ይመስለኝ ነበር» ስትል አጋንና አይደለም። ያየኸውን ነገር ያየ ሌላ ሰው ከሌለ ማየትህን ራሱ ትጠራጠራለህ።

ስለዚህ የአካባቢ ጋዜጠኛ ዋና ሥራ ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ድፍረት ብዬ አልጀምርም። ድፍረት ያስፈልጋል፤ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ግን የተበታተኑትን በደሎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። የአንዱን ቀን ከሌላው ቀን፣ የአንዱን ቦታ ከሌላው ቦታ ጋር። ሥራው አሰልቺ ነው። ፊልም ላይ የምናየው ዓይነት ማሳደድ የለበትም። መዝገብ መግለጥ፣ ቁጥር መደመር፣ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ ነው። መቼ? የት? ማን? ምን ብሎ? ሌላ ማን አየ?

## ቁጥሩ ሲደረደር

ብሩክሳይድ የምትባል ከተማ በአሜሪካ አላባማ ግዛት ውስጥ አለች። ነዋሪዎቿ 1,253 ናቸው። የትራፊክ መብራት እንኳ የላትም። በ2022 መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ እዚህ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ጆን አርኪባልድ የተባለ፣ ኤኤል ዶት ኮም የሚባለው የአላባማ የዜና ድረ ገጽ ጋዜጠኛ ስለዚች ከተማ ፖሊስ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ከ2018 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ከተማዋ ከቅጣትና ከሰው ከምትወርሰው ንብረት የምታገኘው ገንዘብ ከ640 በመቶ በላይ አድጓል። በ2020 ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር ገቢዋ ውስጥ 610 ሺህ ዶላሩ የመጣው ከዚያ ነው። ግማሹ ማለት ነው። ፖሊስ እያስጎተተ የሚወስዳቸው መኪኖች በ2018 50 ነበሩ፤ በ2020 789 ደረሱ።

እነዚህን ቁጥሮች ሳነብ አግዳሚያችን ላይ የተከፈተው ደብተር ነው የታየኝ። በብሩክሳይድ በኩል ያለፈ አሽከርካሪ የሚያውቀው የራሱን ቅጣት ብቻ ነው። አንዱ ያለ ምክንያት ቆምኩ ይላል። ሌላው መኪናዬን አስጎተቱብኝ ይላል። ለየብቻ ሲሰሙ ተራ ምሬት ናቸው። የተቀጣ ሰው መቼም ያማርራል ተብሎ ይታለፋል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የከተማዋን ሒሳብ ሲደምር ግን ምሬቱ ሌላ መልክ ያዘ። ከሁሉ የሚገርመኝ ቁጥሩ ተደብቆ አለመቀመጡ ነው። የከተማዋ የራሷ ሰነድ ላይ ነበር። የጎደለው ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው ሰው ነው።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት የአንድን ሹም ሆድ ነው የሚያሳየን። ብሩክሳይድ ላይ ግን የበላው የከተማው ካዝና ነው። ቅጣቱ ደረሰኝ አለው። ገንዘቡ ባንክ ይገባል። በገንዘቡ ተጨማሪ ፖሊስ ይቀጠራል፤ ተጨማሪው ፖሊስ ተጨማሪ ሰው ያስቆማል። አዛዡ ስለ ዕድገቱ ሲጠየቅ፣ ይህም አንሷል፣ ከዚህ በላይ መሆን ነበረበት የሚል መልስ ነው የሰጠው። ጥፋት እየሠራ እንደሆነ አልተሰማውም ማለት ነው። ጽሑፉ በወጣ በቀናት ውስጥ ሥራውን ለቀቀ። አርኪባልድና ሦስት ባልደረቦቹም በዚህ ሥራ በአሜሪካ ጋዜጠኝነት ትልቅ ክብር ያለውን የፑሊትዘር ሽልማት በ2023 በአካባቢ ዘገባ ዘርፍ አገኙ።

በሚሲሲፒ ግዛት ራንኪን በምትባል አውራጃ የሆነው ደግሞ ከገንዘብ የከፋ ነው። በጥር 2023 የአውራጃው ሸሪፍ (በሕዝብ የሚመረጥ የአውራጃ ፖሊስ አዛዥ ነው) ምክትሎችና አንድ የከተማ ፖሊስ፣ በጠቅላላው ስድስት ነጭ ሕግ አስከባሪዎች፣ ማዘዣ ሳይዙ ቤት ገብተው ሁለት ጥቁር ሰዎችን አሠቃዩ። አንዱን አፉ ውስጥ ተኮሱበት። ስድስቱም ጥፋታቸውን አምነው በ2024 ከ10 እስከ 40 ዓመት ተፈረደባቸው። ብዙ ሰው ታሪኩ እዚህ ላይ ያለቀ መሰለው። የሚሲሲፒ ቱዴይና የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኞች ግን ገና ፍርዱ ሳይሰጥ ሌላ ጥያቄ ይዘው ወጥተው ነበር። ይህ የመጀመሪያቸው ነው?

አልነበረም። ለሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተመሳሳይ ነገር ደረሰብን የሚሉ ሰዎች ተገኙ። አንዳንዶቹ በጊዜው ከስሰው ወይም አቤት ብለው ነበር። አብዛኞቹ በአደንዛዥ ዕፅ የተጠረጠሩ ድሆች ናቸው፤ ቃላቸውን የሚያምን አልነበረም። ጋዜጠኞቹ ያደረጉትን ልብ በሉ። የሸሪፉ ምክትሎች የሚይዙት የኤሌክትሪክ መሣሪያ በተተኮሰ ቁጥር ሰዓቱን ራሱ ይመዘግባል። ያንን መዝገብ አወጡና ሰዎቹ ከተናገሩት ቀንና ሰዓት ጋር አነጻጸሩት። ገጠመ። ማንም ያላመነውን ሰው የመሣሪያው መዝገብ ደገፈው።

## ሁሉም የሚተዋወቅበት ቦታ

ወደ እኛ ጋዜጣ ልመለስ። ሴትየዋ ደብተሯን እንድንገለብጠው ፈቀደች፤ ስሟ እንዳይጠቀስ ግን አደራ አለች። ሰውየው መጀመሪያ አንገራገረ። በነጋታው ግን ራሱ መጣና ሌሎች ሁለት ሰዎችን ጠቆመን። አርታኢያችን ጽሑፉን ቶሎ አላሳለፈውም። «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» ይል ነበር ሁልጊዜ፤ ሰው ደብተሩ ላይ ስለጻፈው ብቻ እውነት አይሆንም ማለቱ ነው። ለእያንዳንዱ መስመር ሁለተኛ ምስክር ወይም ወረቀት ፈልጉ አለን። ያልተገኘለትን መስመር ሰረዝነው። ብዙ መስመር ተሰረዘ። የቀረው ግን የማይነቃነቅ ሆነ።

ከዚያ ሳጅኑን መጠየቅ ነበረብን። ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነው። ከተማዋ ትንሽ ናት። በየማለዳው ሰላም የምንባባል ሰዎች ነን። ልጁ የባልደረባዬ ልጅ የክፍል ጓደኛ ነው። ቢያስፈራራኝ ይቀለኝ ነበር ብዬ ዛሬም አስባለሁ። አላስፈራራኝም። ጥያቄዎቹን ሰማና ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለ በኋላ ለስለስ ባለ ድምፅ «እኔ እኮ አንተን እንደ ወንድሜ ነው የማይህ» አለኝ። ከዛቻ ይልቅ ውለታ ይከብዳል። ዛቻ ቢሆን ማን ምን እንደሆነ ይለያል። ይህ ግን ሌላ ነው። የሠራውን ነገር እኔ በእሱ ላይ የማደርሰው በደል አስመሰለው።

የትልቅ ከተማ ጋዜጠኛ ጽሑፉን አውጥቶ ማንም ወደማያውቀው ሰፈሩ ይገባል። የትንሽ ከተማ ጋዜጠኛ በማግስቱ ከጻፈበት ሰው ጋር አንድ መንገድ ላይ ይገናኛል። ጋዜጣው የሚኖርበት ማስታወቂያም ከነዚያው መሥሪያ ቤቶች ነው የሚመጣው። ማንም «አትጻፉ» ሳይል የጨረታ ማስታወቂያው መምጣቱን ያቆማል። ጫናው እንዲህ ነው የሚመጣው፤ በደብዳቤ አይመጣም።

ጫናው ሲብስ ምን እንደሚመስል በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ማሪዮን ላይ ታይቷል። ማሪዮን 1,900 ገደማ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ማሪዮን ካውንቲ ሬከርድ የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ፣ አዲሱ የፖሊስ አዛዥ ጊዲየን ኮዲ ከቀድሞ ሥራው ለምን እንደለቀቀ ጥቆማ ደርሶት ሲያጣራ ነበር። ምንጮቹ በስማቸው ለመናገር ስላልደፈሩ ጋዜጣው አላተመውም። ነሐሴ 2023 ላይ፣ በ11ኛው ቀን፣ ያው አዛዥ የሚመራው ፖሊስ የብርበራ ማዘዣ ይዞ ዝግጅት ክፍሉ ገባ። ምክንያት የተደረገው ጋዜጠኞቹ የአንዲትን ነጋዴ የመንጃ ፈቃድ መረጃ በሕገ ወጥ መንገድ አይተዋል የሚል ነው። ኮምፒውተሮችና ስልኮች ተወሰዱ። የአሳታሚው የኤሪክ ማየር ቤትም ተበረበረ። የ98 ዓመት እናቱ፣ የጋዜጣው ባለድርሻ ጆአን ማየር፣ ቤት ነበሩ። በመደገፊያቸው ቆመው ፖሊሶቹን ከቤቴ ውጡ ሲሏቸው የሚያሳይ ቪዲዮ አለ። በማግስቱ አረፉ።

ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የእኚህን እናት ሞት ነው፤ ትክክል ነው። እኔን ግን ሌላም ነገር ያስጨንቀኛል። ከተወሰዱት ኮምፒውተሮች ውስጥ ስለ አዛዡ የጠቆሙት ሰዎች ማንነት ነበረበት። እንግዲህ አስቡት። አንድ ሰው ከብዙ ማመንታት በኋላ ብቻውን የያዘውን ነገር ለጋዜጠኛ ይነግራል። ከዚያ ያ ሚስጥር በተጠቆመበት ሰው እጅ ይገባል። ነገ ሌላው ሰው እንዴት ብሎ ይናገራል? ኮምፒውተር ሲወሰድ ዕቃ ብቻ አይወሰድም። ከብቸኝነት ሊወጡ የነበሩ ሰዎች ሁሉ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

ጋዜጠኞቹ ግን አልተመለሱም። ሌሊቱን ሠርተው በተለመደው ቀን ጋዜጣቸውን አወጡ። የፊት ገጹ ላይ በትልልቅ ፊደል፣ ተወስዶብናል ግን ዝም አላሰኙንም የሚል ርዕስ ነበረበት። በዚያው ቀን የአውራጃው ዐቃቤ ሕግ ማዘዣው በቂ ማስረጃ አልነበረውም ብሎ ዕቃቸው እንዲመለስ አደረገ። ኮዲ በጥቅምት 2023 ሥራውን ለቀቀ፤ በቀጣዩ ዓመት በፍትሕ ሂደት ላይ ጣልቃ ገብተሃል ተብሎ ክስ ተመሠረተበት። በ2025 መጨረሻ ደግሞ አውራጃው ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሣ ለመክፈል ተስማማ።

በዚያው በ2023 የኦክላሆማዋ ማከርቴን አውራጃ ሸሪፍና አንድ የአውራጃው ኮሚሽነር ሌላ ነገር ሲያወሩ በድምፅ ተቀዱ። የሚያወሩት ስለ እነሱ የሚጽፉትን የአካባቢ ጋዜጠኞች፣ አባትና ልጅ፣ ስለማስገደልና ቀድሞ ስለተቆፈረ ጉድጓድ ነው። መቅጃውን ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ትቶት የወጣው ራሱ አባትየው ብሩስ ዊሊንግሃም ነው። ኮሚሽነሩ ለቀቀ። ሸሪፉ አልለቅም አለ፤ በ2024 ግን መራጩ አሰናበተው።

እነዚህን ሁሉ የማነሳው መጨረሻቸው ስላማረ ብቻ እንዳይመስል እፈልጋለሁ። ሞይሴስ ሳንቼስ በሜክሲኮዋ ቬራክሩዝ ግዛት፣ ሜዴሊን ዴ ብራቮ በምትባል ከተማ ታክሲ ይነዳ ነበር። ከታክሲው በሚያገኘው ገንዘብ ላ ዩኒዮን የምትባል ትንሽ ጋዜጣ ያትማል። ስለ ወንጀልና ስለ አካባቢው ሹማምንት ሙስና ይጽፋል። በጥር 2015 መጀመሪያ የታጠቁ ሰዎች ከቤቱ ወሰዱት። ሬሳው የተገኘው በዚያው ወር ነው። ከገዳዮቹ አንዱ ነኝ ብሎ የተናዘዘው የቀድሞ ፖሊስ ነበር። ካሣ፣ ሽልማት፣ የፊት ገጽ ርዕስ የሚባል ነገር ሁሉ የማይደርስበት ቦታ ብዙ ነው። እዚያም ግን ሰው ይጽፋል።

## ከውስጥ የመጣው

ጽሑፋችን ከመውጣቱ በፊት አንድ ማታ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ደዋዩ ከዚያው ጣቢያ የሆነ ወጣት ኮንስታብል ነበር። ስለ ደብተሩ ሰምቷል። ትንሽ ከተማ ውስጥ የማይሰማ ነገር የለም። «አንድ ነገር ልንገርህ፣ ስሜን ግን እንዳታነሳ» አለኝ። ከዚያ የደረሰኝ ጥራዝ እንዴት እንደሚያዝ አስረዳኝ። ጥራዙ ቁጥር አለው። በቀን የተያዙ ሞተሮች ደግሞ በግቢው ጠባቂ መዝገብ ላይ ይጻፋሉ። ሁለቱን ብታስተያዩ በቂ ነው አለ። ጠባቂው ያስገባቸው ሞተሮች ብዙ፣ የተቆረጠው ደረሰኝ ጥቂት ነው።

ለምን እንደደወለልኝ ጠየቅሁት። ጣቢያው ውስጥ ነገሩን የማያውቅ ሰው እንደሌለ ነገረኝ። አንዳቸውም ግን ለሌላው አያነሱም። እያንዳንዱ ሌላው የተስማማ ይመስለዋል። እሱም ከገባ ጀምሮ ማንን ማመን እንዳለበት አያውቅም። ድርሻውን ሲሰጡት ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ አስቀምጦታል፤ አላወጣውም፣ ለማንም አላሳየውም፣ መመለስም ፈርቷል።

ይህን ስሰማ ስለ ፖሊስ የነበረኝ ስሜት ተለወጠ። በሙስና የሚመራ ጣቢያ መጀመሪያ የሚነጥለው መንገደኛውን ብቻ አይደለም። ሐቀኛ ፖሊሱንም ይነጥለዋል። እያንዳንዱ ለብቻው አይቶ ለብቻው ዝም ይላል። ስለዚህ የፖሊስን ሙስና መመርመር ፖሊስን መጥላት ነው የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ያ ወጣት ትዝ ይለኛል። ስለ ፖሊስ ሙስና ከጻፍናቸው ነገሮች ውስጥ ከሁሉ የጠነከረውን ያገኘነው ከፖሊስ ነው።

ጥራዙንና መዝገቡን ለማስተያየት በደብዳቤ ጠየቅን። አንሰጥም አሉን። በድጋሚ ጠየቅን። ቆይቶ አንዱን ብቻ አሳዩን። ያ አንዱ ራሱ ተናጋሪ ነበር። ሰውየው ሞተሩን በወሰዱበት ሳምንት የተቆረጠ ደረሰኝ የለም። ሌላ ዝርዝር አያስፈልገውም።

## ከወጣ በኋላ

ጽሑፉ ወጣ። በዚያ ሳምንት አግዳሚያችን አልበቃ አለ። ሰዎች ከደጅ ቆመው ተራ ጠበቁ። አንዳንዱ የመጣው ሊያመሰግን ነው፣ አንዳንዱ የራሱን ሊነግር። በየመሃሉ የማይታመን ነገር የሚያወራም ነበር፤ ከሳጅኑ ጋር የቆየ ጠብ ያለው ሰው እንኳ መጥቶ ነበር። እሱንም እንደ ሌላው ሁሉ ጠየቅነው። መቼ? የት? ሌላ ማን አየ? መልስ አልነበረውም። አልጻፍነውም።

አሁን ይህን ሥራ ፌስቡክና ቴሌግራም ይሠሩታል የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። በደል የደረሰበት ሰው ፖስት ያደርጋል፣ ሌላው ከሥሩ እኔም እኔም ይላል፣ ተገናኙ ማለት ነው ይሉኛል። ግማሹ እውነት ነው። ሰዎቹ ይገናኛሉ። ግን የማይገጥመውን መስመር የሚሰርዝ ሰው የለም። አንድ የውሸት ታሪክ ከገባ ሳጅኑ የሚይዘው እሱን ነው፤ በእሱ ሌሎቹን ሁሉ ያጣጥላል። የአርታኢያችንን ድርቅና ያኔ እንደ ቢሮክራሲ ነበር የማየው። ያ ሁሉ መሰረዝ ለምን እንዳስፈለገ የገባኝ ሳጅኑ መልስ ለመስጠት ቀዳዳ ሲፈልግ ሳየው ነው። ቀዳዳ አላገኘም።

አሜሪካ ውስጥ ከ2005 ወዲህ ከሦስት ጋዜጦች አንዱ በላይ ተዘግቷል። አብዛኞቹ እንደ ማሪዮኑ ያሉ የትናንሽ ቦታ ሳምንታዊ ጋዜጦች ናቸው። እኛ የሠራንባትም ዛሬ አትታተምም። እነዚህ ጋዜጦች ሲዘጉ የሚጠፋው የስፖርት ውጤትና የሐዘን ማስታወቂያ ብቻ አይደለም። የከተማውን በጀት የሚደምር፣ የደረሰኝ ጥራዝ አሳዩኝ ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ አልሰጥም ሲባል በድጋሚ የሚጽፍ ሰው ነው የሚጠፋው። ብሩክሳይድ ላይ ጆን አርኪባልድ ባይደርስ ኖሮ ቅጣቱ በየዓመቱ እያደገ ይቀጥል ነበር፤ አዛዡ ራሱ ፍላጎቱን ተናግሯል።

ሳጅኑ ምን ሆነ? ተዛወረ። ትናንሽ ቦታ ላይ የተለመደው መልስ ይህ ነው። አልተከሰሰም። በሄደበት ቦታ ምን እንዳደረገ የተከታተለ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። የዝውውሩ ወሬ በተሰማ ቀን ዝግጅት ክፍላችን ውስጥ ደስታ ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ሴትየዋ ግን ስትመጣ የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነው። «ገንዘቤስ?»

ስለ ገንዘቡ ማንም አላነሳም ነበር። እሷ የጻፈችው መስመር በመስመር ነው፤ ከየትኛው ቀን ስንት እንደወሰዱባት ታውቃለች። እኛም አጣርተናል። ጣቢያው ያለ ደረሰኝ የወሰደውን ለመመለስ የሚያስፈልገው ማስረጃ ሁሉ ተሰብስቦ ጠረጴዛችን ላይ ነበር። ጥያቄዋን ይዘን ጻፍን፤ መልስ አልመጣም፤ ደግመን ጻፍን። የማሪዮን ጋዜጠኞች ካሣቸውን ለማግኘት ጠበቃ ይዘው ከሁለት ዓመት በላይ ተሟግተዋል። አንዲት መንገደኛ ነጋዴ ግን ለተወሰደባት ጥቂት ገንዘብ ጠበቃ አትቀጥርም፤ የጠበቃው ዋጋ ከገንዘቡ ይበልጣል። እንዲህ ያለው ሌብነት የሚኖረው እዚህ ልዩነት ውስጥ ነው። ሹሙ ሲለቅ ወይም ሲዛወር ዜናው አለቀ ብለን ማስታወሻችንን የምንዘጋ ጋዜጠኞች ብዙ ነን። ሰዎቹ ግን የተወሰደባቸውን ገና አላገኙም። ሁለተኛው ጽሑፍ፣ ሦስተኛውም፣ ስለዚያ መሆን አለበት። ማን ስንት ተወሰደበት? ለማን ተመለሰለት? ያልመለሰው ማን ነው?